የተቀበረ ኬብል በዕድሜው ብቻ አይፈረድም

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የከተማ ዳር ሰፈሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ፊት ሣሩ ላይ የተቀመጠውን አረንጓዴ የብረት ሣጥን ያውቁታል። ትራንስፎርመር ነው። በአካባቢው ምሰሶ የለም፤ ኃይሉ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው የሚሄደው በመሬት ውስጥ ነው። ይህ አሠራር በሰሜን አሜሪካ በስፋት የተለመደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ መንገዱን የከፈተለትም ርካሽ የፕላስቲክ ኬብል ነበር። ከዚያ በፊት የሚቀበረው ኬብል ዘይት በጠጣ ወረቀት ተጠቅልሎ በእርሳስ የሚለበጥ፣ ከባድና ውድ ነበር። ፖሊኢትሊን ግን ቀላል ነው፣ ለአያያዝ ይመቻል፣ በቤተ ሙከራ ሲለካም ኤሌክትሪክን የመከላከል ብቃቱ እጅግ ከፍተኛ ነው። ውሃ አይጎዳውም ተብሎ ስለታመነ ብዙው ኬብል የውጭ ልባስ እንኳ ሳይደረግለት፣ በዙሪያው ያሉት የመዳብ ሽቦዎች እርቃናቸውን አፈር እየነኩ ተቀበረ።

ከ30 እስከ 40 ዓመት ያገለግላል የተባለው ኬብል ግን ገና በ10 እና በ15 ዓመቱ መበላሸት ጀመረ። ተመራማሪዎች ከተቆፈረው ኬብል ስስ ቁራጭ እየወሰዱ፣ ቀለም እየነከሩ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በፕላስቲኩ ውስጥ ቅርንጫፍ ያወጣ የእርጥበት ምልክት አገኙ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ያመለከቱት ይህ ጉዳት በሙያው «የውሃ ዛፍ» ይባላል።

ፖሊኢትሊን ፈሳሽ ውሃን ያግዳል፤ ተን ግን በዝግታ ያልፈዋል። በፕላስቲኩ ውስጥ ብናኝ ወይም ጥቃቅን ባዶ ቦታ ከቀረ፣ ወይም በኮንዳክተሩ (ኃይሉን በሚሸከመው የመሐል ሽቦ) ዙሪያ ያለው ንብርብር ላይ ሹል እብጠት ካለ፣ የኤሌክትሪክ ጫናው እዚያ ላይ ይበረታል። እርጥበቱም ወደዚያው ይሳባል። በዓመታት ውስጥ በማይክሮን የሚለኩ መንገዶች እየተከፈቱ ይሄዳሉ። የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ፕላስቲኩ፣ ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ዛፉ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ከተሻገረ በኋላም ኬብሉ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። አደጋው የሚመጣው መብረቅ መስመሩን ሲመታ ወይም ማብሪያ ሲከፈትና ሲዘጋ ቮልቴጁ ለቅጽበት ሲዘል ነው። ያኔ ከውሃ ዛፉ ጫፍ የከሰለ፣ ደረቅ ስንጥቅ ይነሳል። ይህኛው «የኤሌክትሪክ ዛፍ» ነው። የውሃ ዛፍ ዓመታት ይፈጅበታል፤ የኤሌክትሪክ ዛፍ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ኬብሉን በስቶ ይጨርሳል።

እንግዲህ በአንድ ዓመት የተመረቱ ሁለት ኬብሎች ዕጣቸው አንድ አይሆንም። አንዱ ደረቅ ኮረብታ ላይ፣ ሌላው ውሃ በሚያቁር ሜዳ ላይ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። የአመራረቱም ልዩነት ቀላል አይደለም፦ የቀድሞው ክሮስ ሊንክድ ፖሊኢትሊን፣ በሙያው አጠራር ኤክስኤልፒኢ፣ የሚበስለው በውሃ እንፋሎት ስለነበር ገና ከፋብሪካው ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይዟል። በደረቅ ናይትሮጂን የተተካው በኋላ ነው፤ የውሃ ዛፍን እድገት የሚያዘገይ ዝርያ ደግሞ በ1980ዎቹ ገበያ ላይ ዋለ። ስለዚህ «30 ዓመት ያለፈው ሁሉ ይቀየር» የሚል ውሳኔ ገና ብዙ ሊያገለግል የሚችል ኬብል ያስጥላል፤ መንገድና ግቢም ያስቆፍራል።

እስኪበላሽ መጠበቅም ዋጋ አለው። የኒውዚላንዷ ኦክላንድ በ1998 ይህን በከባዱ አይታዋለች። የመሐል ከተማዋን ኃይል የሚያደርሱት ዋና ዋና ኬብሎች አራት ነበሩ። በበጋው ሙቀትና ድርቅ ወቅት በመጀመሪያ ሁለቱ አሮጌዎቹ፣ በጋዝ ግፊት የሚሠሩት፣ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። ጭነቱ በቀሩት በሁለቱ የዘይት ኬብሎች ላይ ወደቀ፤ በየካቲት ወር እነሱም በተከታታይ ተበላሹ። የመሐል ከተማዋ ችግር ከአምስት ሳምንት በላይ ቆየ። እነዚህ ኬብሎች ከፕላስቲኩ የተለዩ ናቸው፤ ነገር ግን ደካማው ሲወድቅ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ የሚዛወርበት ሁኔታ በማንኛውም ኔትወርክ ያው ነው።

ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል፤ ልኬቱ ግን ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ለወረቀቱ ኬብል ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለው ፍተሻ ከፍተኛ የዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር) ቮልቴጅ መስጠት ነበር፤ የፕላስቲክ ኬብል ሲመጣም ያው ልማድ ቀጠለ። በፕላስቲኩ ውስጥ ግን፣ በተለይ የውሃ ዛፍ ባለበት ቦታ፣ ዲሲ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አጥምዶ ያስቀራል። ኬብሉ ወደ መደበኛ ሥራው፣ አቅጣጫው ወደሚቀያየረው ኤሲ፣ ሲመለስ የተጠመደው ቻርጅ በአካባቢው ጫና ላይ ይደመራል፤ በፍተሻው ያለፈው ኬብል ብዙም ሳይቆይ ይፈነዳል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተደረገ ምርምር ያረጀ ኤክስኤልፒኢ ኬብልን በዲሲ መፈተሽ ቀሪ ዕድሜውን እንደሚያሳጥር አሳይቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ልማድ መሣሪያው ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብቻ በየቦታው ዛሬም አለመቅረቱ ነው።

አማራጩ በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ኤሲ ነው፤ 0.1 ኸርዝ፣ ማለትም አንድ ዙር በ10 ሰከንድ። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። ካፓሲታንሱ 0.25 ማይክሮ ፋራድ የሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ኬብል በ17 ኪሎ ቮልት፣ በ50 ኸርዝ ቢፈተሽ ወደ 23 ኪሎ ቮልት አምፒር የሚሰጥ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ይህ በጭነት መኪና የሚጓጓዝ ነው። በ0.1 ኸርዝ ግን ፍላጎቱ 500 ጊዜ ስለሚቀንስ 45 ቮልት አምፒር ብቻ ይበቃዋል፤ መሣሪያውን ሁለት ሰው አንስቶ ያደርሰዋል። ቮልቴጁ አቅጣጫውን እየቀያየረ ስለሚሄድም ቻርጅ አይከማችም።

በዚሁ መሣሪያ የሚለካው «ታን ዴልታ» ስለ እርጅና ብዙ ይናገራል። ጤናማ ኢንሱሌሽን የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይሰጣል፤ የውሃ ዛፍ የበዛበት ግን ከፊሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀረዋል። ልኬቱ በሦስት የቮልቴጅ ደረጃዎች ይወሰዳል። በአሜሪካው የመሐንዲሶች ማኅበር በአይትሪፕልኢ መመሪያ መሠረት በኤክስኤልፒኢ ኬብል አማካዩ ከሺህ 4 በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከሺህ 50 ካለፈ እርምጃ ይፈልጋል። ከአማካዩ እኩል የሚታየው ቮልቴጁ ሲጨምር ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ደግሞም በአንድ ቮልቴጅ ላይ ረግቶ መቆየት አለመቆየቱ ነው። የታን ዴልታ ድክመቱ የመላውን መስመር አማካይ መስጠቱ ነው። 500 ሜትር ደህና ኬብል መሐል ያለችን አንዲት መጥፎ ጆይንት (የኬብል መጋጠሚያ) ሊሸፍናት ይችላል።

ቦታውን የሚጠቁመው ፓርሻል ዲስቻርጅ የሚባለው ልኬት ነው። በባዶ ቦታ ወይም በጆይንት ውስጥ የምትፈጠር ጥቃቅን ብልጭታ በኬብሉ ሁለት አቅጣጫ ምልክት ትልካለች፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ከሩቁ ጫፍ ነጥሮ ይደርሳል፤ የጊዜ ልዩነታቸው ርቀቱን ይሰጣል። ሆኖም የውሃ ዛፍ ብቻውን እንዲህ ያለ ብልጭታ አያወጣም። በፓርሻል ዲስቻርጅ «ንጹሕ» የተባለ ኬብል በውሃ ዛፍ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ልኬት አንድ ላይ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጆርጂያ ቴክ የተካሄደው ረጅም የኬብል ምርመራ ጥናትም ምርመራዎቹ ደህናውን በመለየት እንደሚታመኑ፣ «መጥፎ» ያሉት ግን ሁሉ በቅርቡ እንደማይበላሽ አሳይቷል። ለእኔ ይህ የምርመራን ዋጋ አይቀንስም፤ ገንዘቡን የት አለማዋል እንደሚቻል ማወቅ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ልኬቱ ያረጀ መሆኑን ያሳየው ኬብል ሁሉ ተቆፍሮ መውጣት የለበትም። መጀመሪያ የተሞከረው በኮንዳክተሩ ክሮች መካከል ደረቅ ናይትሮጂን እያሳለፉ ማድረቅ ነበር፤ አቅርቦቱ ሲቆም ውሃው ተመልሶ ይገባል። በ1980ዎቹ ሥራ ላይ የዋለው የሲሊኮን ፈሳሽ ግን ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። ኃይሉ ተቋርጦ በኬብሉ አንድ ጫፍ ፈሳሹ በግፊት ይገባል፤ በሌላው ጫፍ ቫኪዩም ይስበዋል። በክሮቹ መካከል ካለው ክፍተት ወደ ኢንሱሌሽኑ በሳምንታትና በወራት ይሰርጋል፤ ውሃውን በኬሚካዊ ለውጥ ይፈጀዋል፤ ሞለኪውሎቹም እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚተልቁ በዛፉ መንገዶች ውስጥ ይቀራሉ። የኬብሉ የመቋቋም አቅም ከዚያ በኋላ ከፍ ይላል፤ አቅራቢዎች የ20፣ የ40 ዓመት ዋስትና እስከመስጠት ደርሰዋል።

የማይሆንባቸው ቦታዎች ግን አሉ። ኮንዳክተሩ ክር የሌለው ድፍን ከሆነ ፈሳሹ መሄጃ የለውም። ክሮቹ ውሃ እንዳያሳልፉ ሲመረቱ ከተሞሉም እንደዚያው ነው። መንገድ የዘጋ አሮጌ ጆይንት ተቆፍሮ መቀየር አለበት። በዝገት የተበላው የመዳብ ሽቦ በፈሳሽ አይመለስም፤ ይህን ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በኬብሉ ውስጥ ምልክት ልኮ ነጸብራቁን በማንበብ መለየት ይቻላል።

አዲስ አበባ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገኘው በመነሻው ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት መንገዶች ላይ በምሰሶ የነበረው መስመር ወደ መሬት እየወረደ ነው። ዛሬ የሚቀበረው ኬብል የውጭ ልባስ ያለው፣ በአመራረቱም ከ1960ዎቹ እጅግ የተሻለ ነው። ነገር ግን የአካፋ ጫፍ ልባሱን ከቀደደው፣ ወይም ጆይንቱ በዝናብና በአቧራ መሐል ከተሠራ፣ የክረምቱ ውሃ ቦታውን ያገኘዋል። የልባሱን ጤና ከተቀበረ በኋላ በመዳብ ሽቦዎቹና በአፈሩ መካከል የዲሲ ቮልቴጅ በመስጠት ማወቅ ይቻላል፤ እዚህ ላይ ኢንሱሌሽኑ ጫና ስለማይደርስበት ዲሲ ትክክለኛው መሣሪያ ነው። ኮንዳክተሩ ውሃ የሚያግድ ሙሊት ካለው ለኋላው የፈሳሽ መርፌ ዝግ መሆኑም ከወዲሁ መመዝገብ አለበት፤ መከላከያው ጥሩ ምርጫ ነው፣ ምርጫ መሆኑ ግን ይታወቅ። ከሁሉ በላይ በርክክቡ ዕለት የታን ዴልታው ቁጥር በሦስቱም ቮልቴጅ ተለክቶ፣ የየጆይንቱ ቦታና የሠራው ባለሙያ ተጽፎ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ከሺህ 12 የሚል ቁጥር ቢያገኝ፣ ኬብሉ ከ1 ተነስቶ እዚያ የደረሰ ይሁን ወይም ገና ሲቀበር 10 የነበረ ለማወቅ የሚችለው ያ መዝገብ ካለው ብቻ ነው።