ፎርማት ከተደረገ በኋላ

«ፎርማት ካስደረግኩት ወዲህ ኮምፒውተሬ ተበላሸ» እያሉ ወደ ጥገና ቤታችን የሚመጡ ደንበኞች በርክተዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቅ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። ስለዚህ አንዳንዱ አዲስ ማሽን ይገዛል፣ አንዳንዱ ሊኑክስ ሚንት ያስጭናል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስጭንም አለ።

ከእነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። አንዳንድ ባለሙያ ግን ምክንያቱን ሳያጣራ ዳግመኛ ፎርማት ያደርጋቸዋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያው ሲስተም በዚያው ማሽን ላይ ሲጫን ያው ጉድለት ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ሳይገለበጥ የቀረ ፋይል ይጠፋል።

መጀመሪያ የማየው ኢንተርኔቱን ነው፤ የጎደለው ሁሉ የሚወርደው በሱ በኩል ነውና። ዋይፋዩ ጨርሶ ካልታየ ካርዱ ተቃጥሏል ብለው አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩ ስለሌለ ነው። በተለይ ብሮድኮም የሠራቸው ካርዶች ሊኑክስ ላይ ይህ ጠባይ አላቸው። ስልክዎን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ ዩኤስቢ ቴተሪንግን ያብሩ። የስልኩ ዳታ በገመዱ ይገባል፤ ከዚያ ድራይቨር ማኔጀርን ከፍቶ ማውረድ ነው። ገመዱ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ድምፅና ፕሪንተር ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ይስተካከላሉ።

ሰዓቱ ላይ ግን ቆም እላለሁ። ዊንዶውስና ሊኑክስን አንድ ላይ ያስጫነ ሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ዊንዶውስን ሲከፍት ሰዓቱ ገና 1 ሰዓት ሆኖ ያገኘዋል። ያስተካክለዋል፤ ሊኑክስን ተጠቅሞ ሲመለስ እንደገና 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቀዋል። ባትሪ ያስቀይራል፤ ለውጥ የለም። ማዘርቦርዱ ላይ ማሽኑ ጠፍቶም የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሊኑክስ እዚያ የሚጽፈው ዩቲሲ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያ 3 ሰዓት ስለምትቀድም ለእኛ ሲያሳየን 3 ይደምርበታል። ዊንዶውስ ግን የተጻፈውን የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ እንዳለ ይወስደዋል። እኔ ሊኑክሱን በአንዲት መስመር ትዕዛዝ የአገር ሰዓት እንዲጽፍ አደርገዋለሁ፤ ጭቅጭቁ እዚያ ያበቃል።

ስለዚህ ስህተቱ ስንት እንደሆነ ይዩ። ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሲመለስ ዓመቱ ጭምር ወደ ኋላ ከሄደ ግን ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ትቀየር። ቀኑ እንዲህ ሲዛባ ብራውዘሩ የባንክም የኢሜይልም ገጽ አልከፍትም ይላል፤ የገጾቹን የደህንነት ሰርተፊኬት የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ነውና። ሰው ግን ኢንተርኔቱን ይወቅሳል። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልል ሲመርጡ አዲስ አበባን ካጡ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉበትን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ፋይሉ ሲከፈት ገጹ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ድካሜ ሁሉ ውኃ በላው» አሉኝ።

«ጽሑፉ አለ ጋሼ፤ የጠፋው ፎንቱ ነው» አልኳቸው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ስለዚህ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የቆዩ እትሞቻቸው ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ እያስቀመጡ ይሠሩ ነበር። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይነበባል፤ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ከጠፋ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ያንኑ ፎንት ከልጃቸው ኮምፒውተር አምጥተን ስንጭነው ገጹ ባንድ ጊዜ ተመለሰ። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን አንቀጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን።

በላቲን ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ በነጻ የሚወርዱት አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ይበቁታል። ጽሑፉ እየተነበበ ገጾቹ ብቻ ከተዛነፉ ደግሞ የተጻፈበት ፎንት ኒያላ ሊሆን ይችላልና እሱን ይፈልጉ። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ በተጨማሪ ፎንትነት ለብቻው የሚጫን ሆኗል።

እኔ ፎርማት ከማድረጌ በፊት የፎንት ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ፣ የዋይፋይ ካርዱንና የፕሪንተሩን ሞዴል እመዘግባለሁ፣ ድራይቨሩን አስቀድሜ አወርዳለሁ። እርስዎም ማሽንዎን ለባለሙያ ሲሰጡ «ፎንቶቹን ገልብጠሃል?» ብለው ይጠይቁ፤ ገልብጦ እስኪያሳይዎ ድረስ ፎርማቱን አያስጀምሩት።