«ከተማው ሰላም ነው ወይ?» የኦክስፎርድ ከተማ ታሪክና የወንጀል ቁጥር ትርጉም



ልጆቻቸው ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ፎርም የሚሞሉላቸው ወላጆች እኛን መምህራንን አስቀድመው የሚጠይቁን ስለ ትምህርቱ አይደለም። «ከተማው ሰላም ነው ወይ?» ነው የሚሉን። ለሦስተኛ አገር ሠፈራ ስማቸው የወጣ ቤተሰቦችም ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ከጦርነትና ከስደት የመጣ ሰው ይህን ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል?

አንዳንዱ ታዲያ መልሱን ከቁጥር ይፈልጋል። «እገሌ ከተማ ወንጀል በዝቷል፣ እገሌ ከተማ ቀንሷል» ይባላል። ቁጥሩ ግን ምን ማለት ነው? ማን ቆጠረው? ማንስ ሳይቆጠር ቀረ? ይህን ለማየት በዚህ እትም አንድ ጥንታዊ የዩኒቨርሲቲ ከተማ መርጠናል፤ ኦክስፎርድን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክስፎርድ በእንግሊዝ አገር ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1096 ትምህርት ይሰጥባት እንደነበረ ይታወቃል። ለእኛ ለስደተኞችም ሩቅ አይደለችም። ባርባራ ሃረል ቦንድ የተባሉ ምሁር ስለ ስደተኞች የሚያጠናውን የዩኒቨርሲቲውን ክፍል በ1982 ያቋቋሙት እዚያ ነው። እኚህ ሴት በደቡብ ሱዳን በነበሩ የኡጋንዳ ስደተኞች መካከል ሆነው አጥንተዋል፤ «ስደተኛው ራሱ ይደመጥ» እያሉም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2018 ድረስ ተሟግተዋል።

ሰባት ሺህ ሰው፣ በዓመት አራት አምስት ሬሳ

ዛሬ ኦክስፎርድ ሲባል የሚታየን መጽሐፍና ጥቁር ካባ ነው። ከ700 ዓመት በፊት ግን ከተማዋ በእንግሊዝ አገር እጅግ አደገኛ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ14ኛውን ክፍለ ዘመን መዝገብ መርምረው በ2023 ባወጡት ጥናት፣ በኦክስፎርድ ከ100,000 ሰው ውስጥ በዓመት ከ60 እስከ 75 ሰው ይገደል ነበር። ይህ በዚያው ዘመን ከለንደንና ከዮርክ አራት አምስት እጥፍ ይበልጣል።

እስቲ አብረን እናስላ። በዚያን ጊዜ በኦክስፎርድ 100,000 ሰው አልነበረም። የነበረው ወደ 7,000 ሰው ነው፤ ከዚያም ውስጥ 1,500 ያህሉ ተማሪ። 60 ን በ7,000 አባዝተን ለ100,000 ብናካፍል 4.2 ይመጣል። በ75 ካሰላነው ደግሞ 5.25 ይሆናል። በዓመት አራት ወይም አምስት ሰው ተገደለ ማለት ነው። «በመቶ ሺህ 75» ሲባል ያስደነግጣል፣ «በዓመት አምስት ሰው» ሲባል ደግሞ ቀላል ይመስላል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ሰባት ሺህ ሰው በሚኖርበት ካምፕ በየዓመቱ አምስት ሰው በጩቤ ቢወድቅ ማን ተኝቶ ያድራል? ስለዚህ የወንጀል ቁጥር ስትሰሙ «ከስንት ሰው? በስንት ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ገዳዮቹ እነማን ነበሩ? ማንነታቸው ከታወቀው ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ተማሪዎች ናቸው። ከሟቾቹም 72 በመቶው ተማሪዎች ነበሩ። የአብዛኞቹ ዕድሜ ከ14 እስከ 21 ዓመት ይሆናል። እንደኛው የቆሎ ተማሪ ከአባትና ከእናት ርቀው የመጡ ናቸው። በየኪራይ ቤቱ ተጨናንቀው ይኖራሉ፤ መጠጥ ቤቱ ደጃቸው ላይ ነው፤ ጩቤውም በወገባቸው። በዚህ ላይ በትውልድ ቦታ ተቧድነው «የሰሜን ሰው፣ የደቡብ ሰው፣ የዌልስ ሰው፣ የአየርላንድ ሰው» እየተባባሉ ይጋጩ ነበር። ያንን ነገር እኛም ሳናውቀው አንቀርም።

ሌላም ነገር ነበረ። ተማሪ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሚቆጠር የከተማው ዳኛ ሊሰቅለው አይችልም ነበር። የከተማው ሕዝብ ይህን ሲያይ «ለእነሱ ሕግ የለም» እያለ ቂም ይዞ ኖረ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ልናውቅ የቻልነው ሰው ሲገደል ይመዘገብ ስለነበረ ነው። ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ «ኡኡ» እያለ ገዳዩን የመከተል ግዴታ በሕግ ነበረበት። ከዚያ የንጉሡ ሹም የአካባቢውን ሰዎች ሰብስቦ ሬሳውን እያሳየ፣ ማን መታው፣ በምን መታው፣ የት ሸሸ ብሎ ይጠይቃል፤ ቃላቸውም ይጻፋል። በአገራችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የምንለውን ይመስላል። የኦክስፎርድ ስም በግድያ የወጣው ግድያው በመብዛቱ ብቻ አይደለም፤ መዝገቡም ስለተረፈ ነው።

ሁለት ደወል

በ1209 አንድ ተማሪ አንዲት የከተማውን ሴት ገደለና ሸሸ ተባለ። ሕዝቡ እሱን ቢያጣ አብረውት የሚኖሩትን ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ይዞ ሰቀለ። በዚህ ደንግጠው ከሸሹት መምህራንና ተማሪዎች ከፊሎቹ ካምብሪጅ ገብተው እዚያ ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መነሻው የሸሹ ሰዎች ጉባኤ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1355 የተነሣው ነው። ተማሪዎች አንድ መጠጥ ቤት ገብተው «ወይኑ አይረባም» አሉ። ባለቤቱም መለሰላቸው። ቃል ቃልን ወለደና ወይኑን ፊቱ ላይ ደፉበት። ከዚያ የከተማው ሰው የራሱን ቤተ ክርስቲያን ደወል ደወለ፤ የዩኒቨርሲቲውም ሰው የራሱን። ሁለት ደወል፣ ሁለት ጦር። ከዙሪያው ገጠር ሰው ገባ። ውጊያው ሦስት ቀን ዘለቀ። ከዩኒቨርሲቲው ወገን ወደ 63፣ ከከተማው ወገን ደግሞ ወደ 30 ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል። በአንድ ዋንጫ ወይን የተነሣ!

ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ የፈረደው ለአንዱ ወገን ነው። በገበያውና በሚዛኑ ላይ ሳይቀር ለዩኒቨርሲቲው ሥልጣን ጨመረለት። የከተማው ከንቲባና ሹማምንት ደግሞ ከ60 ነዋሪዎች ጋር በየዓመቱ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ለሟቾቹ ጸሎት አስደርገው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳንቲም እንዲሰጡ ተደረገ። ያ ውርደት ስንት ዓመት ቆየ? አንድ ከንቲባ በ1825 «አልሄድም» እስኪል ድረስ 470 ዓመት! ሁለቱ ወገኖች በይፋ የታረቁት በ1955፣ ልክ በ600 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለከንቲባው የክብር ዲግሪ ሰጠ፤ ከተማውም የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ የክብር ዜጋ አደረገ።

እኛ ይህን ስናነብ የውሃ ቦኖው ጠብ ትዝ ይለናል። በስደተኛውና በአገሬው ሰው መካከል በጄሪካን የተነሣ ጭቅጭቅ እስከ ምን እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን ወገን ብቻ ቀጥቶ የሚያልፍ ዳኝነት ዛሬን ጸጥ ያደርጋል፤ ቂሙን ግን ለልጅ ልጅ ያወርሳል።

ምን ለወጠው?

ግድያው የቀነሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ በአንድ ምክንያትም አይደለም። ከእርምጃዎቹ አንዱ ግን ልብ ሊባል ይገባል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ተማሪ ሁሉ ኃላፊ ባለው ማደሪያ ውስጥ እንዲኖር ተደነገገ። በፈለገበት ኪራይ ቤት ለብቻው ማደር ቀረ። ማደሪያው በር አለው፤ በሩ በሰዓቱ ይዘጋል፤ ገበታው የጋራ ነው፤ «ትናንት ማታ የት ነበርክ?» የሚል ታላቅ ሰው አለ። ዘመናት ሲያልፉ የፍርድ ቤትና የፖሊስ ሥራም እየተሻሻለ መጣ።

ዛሬ ኦክስፎርድ ከ160,000 በላይ ሕዝብ አላት። በእንግሊዝና በዌልስ በአጠቃላይ በቅርብ ዓመታት የታየው የነፍስ ግድያ መጠን ከ100,000 ሰው አንድ ገደማ ነው። በኦክስፎርድ ተማሪን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የብስክሌት ስርቆት ነው። ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ካላችሁ ጠንካራ ቁልፍ ይግዛ፤ ብስክሌቱ ላይ የተመታውንም ቁጥር ጽፎ ይያዝ። ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። በየዓመቱ ሚሊዮኖች ጎብኚዎች ወደ ከተማዋ ይመጣሉ። ከጎብኚው የተሰረቀው ቦርሳ ይቆጠራል፤ ሲካፈል ግን የሚካፈለው ለነዋሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የመሐል ከተማው ቁጥር ከእውነቱ በላይ ያስፈራል።

ግንቡ

ፍርሃት ራሱ ምን እንደሚሠራ ደግሞ እንመልከት። በ1934 በኦክስፎርድ ሰሜን፣ ከትስሎ በሚባል ሠፈር፣ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ አንድ ድርጅት መንገድ ላይ ግንብ አቆመ። ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አናቱ ላይ ሹል ብረት ተተክሎበታል። ከግንቡ ወዲያ የሚኖሩት ከማዘጋጃ ቤት የተከራዩ ድሆች ነበሩ። ወዲህ ያሉት ደግሞ ቤት ገዢዎች ናቸው። «እነዚያ ሰዎች ሠፈራችንን ያበላሹታል» ነበር ነገሩ። ድሆቹ እናቶች ጎረቤታቸው ወዳለው ዋና መንገድ ለመድረስ ዙሪያውን ይሄዱ ነበር። በ1943 በጦር ልምምድ ላይ አንድ ታንክ በስህተት ጥሶት አለፈ፤ ግንቡ ግን ተመልሶ ተሠራ። በመጨረሻ የፈረሰው በ1959 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ከጎረቤቱ ተከለለ!

ያልተቆጠረው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ታዳጊ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች በተለይ ይህን አንብቡ።

በ2013 ሰባት ሰዎች በኦክስፎርድ በታዳጊ ሴቶች ላይ ለዓመታት በፈጸሙት የመድፈርና ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ለንደን ላይ ተፈርዶባቸዋል። በ2015 የወጣው ይፋ ምርመራ ደግሞ በኦክስፎርድና በዙሪያዋ አውራጃ እስከ 373 የሚደርሱ ልጆች እንዲህ ላለ ጥቃት ተጋልጠው ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ከልጆቹ መካከል ወንዶችም ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማዋ የምትታወቀው በሰላም ነበር። ልጆቹ ዝም ብለው ነበር ወይ? አይደለም። ከቤት ይጠፉ ነበር፤ አንዳንዶቹም ተናግረዋል። የሰሟቸው ትልልቅ ሰዎች ግን «አስቸጋሪ ልጅ ናት፣ ፈልጋ ነው» አሉ። ስለዚህ አልተጻፈም፤ ያልተጻፈ ደግሞ አይቆጠርም። የወንጀል ቁጥር የሚነግረን የተነገረውንና የተመዘገበውን ብቻ ነው። ሰው መናገር ሲጀምር፣ ተናግሮም ሲታመን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ «ወንጀል በዛ» ብለን ከመደንገጥ በፊት «ምናልባት ዝምታው ተሰብሮ ይሆን?» ማለት አለብን። ቁጥሩ ዜሮ የሆነ ብሎክም ሲገጥመን «ሰላም ነው» ብለን አንለፍ፤ ማን እንደፈራ እንጠይቅ።

ለእኛስ?

ስለ አዲስ ከተማ ስትጠይቁ «ወንጀሉ ስንት ነው?» ከማለት ጋር ይህንንም ጨምሩ። ችግር ሲደርስ የሚነገረው ለማን ነው? በቋንቋችን የሚያስተረጉም አለ? ለብቻው የሚሄድ ልጅ ማደሪያው ውስጥ ኃላፊ አለው? የቀደሙን ወገኖች የትኛውን ሠፈር፣ የትኛውን ሰዓት ይጠነቀቃሉ?

እስከዚያው ግን የምንኖረው እዚህ ነው። ብቻቸውን ተጨናንቀው የሚኖሩ ወጣት ወንዶች ያሉበትን መጠለያ የሚጎበኝ አንድ የተከበረ ታላቅ ሰው እንመድብ። በመጠጥ ቤት ስለት ይዞ መግባት ይቅር። በቦኖና በማገዶ ጉዳይ ጠብ ሲነሣ ከአገሬው ሽማግሌዎች ጋር አንድ ላይ እንቀመጥ፤ ሁለት ደወል አይደወል። እናቶችና እህቶች ለማገዶ ሲወጡ በቡድን ይውጡ። «ኡኡ» ሲባል ደግሞ «የኔ አገር ሰው አይደለም» ሳንል እንውጣ።

ልጅ «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» ስትል ወይም ሲል መጀመሪያ እንስማ። ቁጣው፣ «ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» የሚለው፣ ይቅር። ተደፍሮ የመጣ ሰው ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ መድረስ አለበት። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ሽምግልናውና የቤተሰቡ ምክክር ከዚያ በኋላ ይደረሳል። ነገሩን በዕርቅ ሸፍኖ ማስቀረት ግን ለሚቀጥለው ልጅ ጉድጓድ መቆፈር ነው። የጥበቃ ክፍሉ ባልደረቦች ስማችሁን ለማንም እንዳይገልጹ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ብቻውን መሄድ የከበደው ሰው ቢኖር እኛ መምህራን አብረን እንሄዳለን፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በመምህራን ክፍል ታገኙናላችሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።