ሃያ አንድ፤ ባንኩን የያዘው ማነው?

ባለፈው አጋማሽ ዓመት ማለቂያ ላይ ከደሴ ግቢ ተነሥተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረድንና ኮምቦልቻ ከሚማሩት ወዳጆቻችን ዘንድ ዓርብን አመሸን። ከእራት በኋላ ካርታ ወጣ። ጨዋታው «ሃያ አንድ» ነበር፤ ፈረንጆች ብላክጃክ ይሉታል። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ከመካከላችን አንዱ ወደ ወልድያ የሚሳፈርበትን ገንዘብ ለባንኩ አስረክቦ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። «አብሽር፣ ይመለሳል» አልነው። አልተመለሰም። በማግስቱ አዋጥተን አሳፈርነው።

ወደ ደሴ ስንመለስ አቀበቱን ሁሉ ስንከራከር ወጣን። ግማሾቻችን ልጁ ዕድለ ቢስ ነው አልን፤ ግማሾቻችን መጫወት አያውቅም አልን። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ከሒሳብ ጋር ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ የምንገናኘው በሰላምታ ብቻ ነው። ሆኖም ነገሩን ወረቀት ላይ አስፍረን ስናየው ሁለቱም ወገን ዋናውን ጉዳይ እንደ ሳተ ተረዳን። ስለዚህ ለአንባቢያን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ጨዋታው፣ አብዛኛው ሰው እንደሚያውቀው፣ ከ21 ሳያልፉ ወደ 21 መቅረብ ነው። ባለሥዕል ካርታዎች ሁሉ 10 ይቈጠራሉ፤ አስ እንደ ያዢዋ ፈቃድ 1 ወይም 11 ትሆናለች፤ ከ21 ያለፈ ተቃጠለ። ባንኩን የያዘው አዳይ ለራሱ የሚያወጣው በመጨረሻ ነው። በደንቡም 16 እና ከዚያ በታች ከሆነ ይጨምራል፤ 17 ሲሞላ ይቆማል።

አዳዩ ምርጫ የለውም፤ ታዲያ ጥቅሙ ከወዴት መጣ? ከተራው ነው። ተጫዋቹ ቀድሞ ይጫወታል፤ ከተቃጠለም መደቡ ወዲያው ይነሣል። ከዚያ በኋላ አዳዩ ራሱ ቢቃጠል የተነሣው ገንዘብ አይመለስም። ሁለት ሰው ተቃጥሎ አንዱ ብቻ ይከፍላል ማለት ነው። የባንኩ ሀብት ሁሉ ከዚህች ትንሽ ነገር የሚመነጭ ነው።

ይኸን ጥቅም እስከ ምን ድረስ መቀነስ ይቻላል? በ1956 እ.ኤ.አ. ባልድዊን፣ ካንቴይ፣ ማይዝል እና ማክደርሞት የተባሉ አራት የአሜሪካ ወታደሮች በጠረጴዛ የሒሳብ መኪና እየደመሩ መልሱን አግኝተው በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አሳተሙት። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። 11 ወይም ከዚያ በታች የያዘ ይጨምር፤ ሊቃጠል አይችልምና። አስን 11 ሳይቈጥር 17 እና ከዚያ በላይ የያዘ ይቁም። ችግሩ ከ12 እስከ 16 ባለው ነው፤ እዚያ ላይ የራስን ካርታ ትቶ አዳዩ የገለጣትን አንዲት ካርታ ማየት ያስፈልጋል። ከ2 እስከ 6 ከሆነች መቆም፣ 7 እና ከዚያ በላይ ወይም አስ ከሆነች መጨመር ይሻላል። (12 የያዘ ሰው በ2 እና በ3 ላይም ቢጨምር ይሻለዋል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው።) ምክንያቱም 6 የገለጠ አዳይ ከመቶ 42 ጊዜ ያኽል ይቃጠላል፤ 10 የገለጠ ግን ከመቶ 22 ጊዜ ያኽል ብቻ። የኛ ልጅ 13 በመጣለት ቍጥር፣ አዳዩ የገለጠው ምንም ይሁን ምን፣ መቃጠልን ፈርቶ ይቆም ነበር።

የፍርሃትም ዋጋ አለው። ፈጽሞ ላለመቃጠል ከ12 ጀምሮ የሚቆም ሰው በረጅሙ ሲታይ ከሚያስይዘው 100 ብር 4 ብር ያኽል ይገብራል። አዳዩን መስሎ እስከ 17 የሚጨምር ደግሞ ከ5 ብር በላይ። በደንብ የሚጫወት ግማሽ ብር ያኽል ብቻ ይከፍላል፤ ግን ይኸ መደብ ማጠፍና ጥንድ መክፈል ሲፈቀድ፣ እንዲሁም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21 ለመጣለት አንድ ተኩል እጥፍ ሲከፈል ነው።

በኮምቦልቻው ዶርም ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ ተጫዋቹና አዳዩ እኩል ሲሆኑ መደቡን የሚወስደው ባንኩ ነበር። እኩል የሚወጣው ከመቶ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ያኽል ነው። እንግዲህ ሰውየው ብልኅነትን ሁሉ ተምሮ ሦስት ብር ተኩል ቢያድን፣ ማንም ልብ ያላለው አንድ ደንብ ከስምንት ብር በላይ ይወስድበታል ማለት ነው። ባንኩም ከአንድ እጅ አልወጣም ነበር። በገበጣ ጠጠሩን ሁለቱም ያዩታል፣ ባንክ የሚባል የለም፤ በዚህ ጨዋታ ግን ዋናው ብልኅነት ካርታው ሳይበወዝ በፊት በሚደረገው ስምምነት ላይ ነው።

በሰውም ዘንድ የሚነገር አንድ ምክር አለ፤ «በተሸነፍህ ቍጥር እጥፍ አድርገህ አስይዝ» የሚል። በ10 ብር ጀምሮ ሰባት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው 1270 ብር ከኪሱ ወጥቷል፤ ለስምንተኛው 1280 ብር ያስፈልገዋል፣ ያውም 10 ብር ለማትረፍ! ሰባት ተከታታይ ሽንፈት ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን እኩል ለእኩል በሆነ ጨዋታ እንኳ መቶ ጊዜ በሚታደልበት ምሽት፣ ከሦስት ምሽት በአንዱ ያኽል ይደርሳል። የኤድዋርድ ቶርፕን የ1962 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጠቅሶ «ካርታ መቍጠር ነው እንጂ» ያለንም አልጠፋም። እውነት ነው፤ የወጣው ካርታ ሳይመለስ ሲቀጥል ይሠራል። እኛ ዘንድ ግን 52ቱም በየዙሩ እንደገና ስለሚበወዙ የሚቈጠር ነገር የለም።

ካርታ አንነካም፣ ኳስ ነው የምንወራረደው የሚሉም ወንድሞች ባንኩን አላመለጡትም። ለአንድ ግጥሚያ ለባለሜዳው 2.50፣ ለአቻ 3.10፣ ለእንግዳው 2.80 ኦድ ተሰጠ እንበል። ማንም ያሸንፍ ማን 100 ብር ለማግኘት 40፣ 32.26 እና 35.71 ብር ማስያዝ ያሻል፤ ድምሩ 108 ብር ያኽል ነው። ስምንቷ ብር የቤቱ ናት። አሥር ግጥሚያ በአንድ ትኬት ሲደረደር ይቺ ስምንት አሥር ጊዜ ትባዛለች፤ የ100 ብር ትኬት እውነተኛ ዋጋ ወደ 46 ብር ይወርዳል። በአንዲት ግጥሚያ የቀረ ትኬት እያሳየ «ለጥቂት!» የሚል ወዳጅ የሌለው አንባቢ ካለ እንዲጽፍልን እንለምናለን።

ከወር በኋላ ኮምቦልቻ ወርደን ለነዚያው ልጆች ሦስት ነገር አቀረብን። እኩል ሲሆን መደብ ይመለስ፤ ባንኩ በየአሥር ዙሩ እጅ ይለውጥ፤ ደንቡ ሁሉ ገንዘብ ሳይወጣ በፊት ይነገር። የቀድሞው ባለባንክ «እንዲህ ከሆነማ ምኑን ጨዋታ ሆነ?» ብሎ አጕረመረመ፤ በኋላ ግን ተስማማ። እስከ አምስት ሰዓት ተጫወትን። ትልቁ ትርፍ 35 ብር ነበር፤ ለሻይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተሰላችቶ ካርታው ወደ ሳጥኑ ገባ።