ሰርተፊኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን ዳንፎርዝ ላይ፣ ከግሪንዉድ የምድር ባቡር ጣቢያ እምብዛም ከማይርቅ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በሌሊት ጥበቃ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ወገናችን ፊቴ ባለ ቀለም ወረቀት ዘረጋ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ። ሰርቨር አስተዳዳሪ መሆን እፈልጋለሁ። በስድስት ወር አራት ሰርተፊኬት ይላሉ» አለኝ። ክፍያው በሁለት ዓመት ያጠራቀማትን ጠራርጎ ይወስዳል። ሰኞ ሊፈርም ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ሰርቨር የመሥሪያ ቤቱን ፋይልና ኢሜይል ይዞ ሌሎቹን ኮምፒዩተሮች የሚያገለግል ኮምፒዩተር ነው። አስተዳዳሪው ደግሞ ሌሊት ሲወድቅ ተነሥቶ የሚያነሣው ሰው ነው።

እንዲያ ያለ ወረቀት እኔንም አታልሎኛል። ጋዜጠኝነቴን አገር ቤት ጥዬ፣ በውጭ የተማርኩበትን ዲግሪ ይዤ ቶሮንቶ ስገባ በየበሩ የጠበቀኝ «የካናዳ የሥራ ልምድ አለህ?» የሚል ጥያቄ ነበር። (የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ጥያቄውን የሚቃወም ፖሊሲ ያወጣው በ2013 ነው፤ ለእኔ ዘግይቷል።) በ2008 መገባደጃ ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት ገብቼ ኤምሲኤስኢ ለሚባለው የማይክሮሶፍት ማዕረግ ተመዘገብኩ። ሰባት ፈተና ነበረው። የተማርነው በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ግን ሰርቨር 2008ን በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አውጥቶ ነበር። ማንም አልነገረንም። ጥያቄና መልስ ሸምድጄ አራቱን ፈተና አለፍኩና ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጠያቂው ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ይህ ኮምፒዩተር ከሰርቨሩ ጋር አይገናኝም፤ ምክንያቱን ፈልግልኝ» አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። አራት ወረቀት ይዤ አንድ ትእዛዝ መጻፍ አቃተኝ።

ማይክሮሶፍት በኤምሲኤስኢ ስም የቀሩትን ፈተናዎች በጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ጨርሶ ዘግቷቸዋል። እኔን ሥራ ያስያዘኝ ቆይቼ የገዛኋቸው ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ሌት ተቀን መፈጋቴ ነው።

ይህን ስነግረው ወጣቱ «ታዲያ ወረቀት ከሌለኝ በስሜ ብቻ ማን ይጠራኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ወረቀት በር ያስከፍታል። ነገሩ የትኛው ወረቀት ነው የሚለው ላይ ነው።

ኮምፒዩተር ከፍቶ ለማያውቅ ኤ ፕላስ የሚባለው ሁለት ፈተና መነሻ ይሆናል። ከ2011 ወዲህ የሚሰጠው ሦስት ዓመት ብቻ ያገለግላል። የሰፈሩን ላፕቶፕ ሁሉ ሲጠግን ለኖረው ለዚህ ልጅ ግን ገንዘብ ማባከን መስሎ ታየኝ። የእኔ ምርጫ የሬድ ሃት ኩባንያ የሊኑክስ ፈተና፣ አርኤችሲኤስኤ ነው። ከአራት መልስ አንዱን አክብብ የሚል የለበትም፤ ሲስተም ላይ አስቀምጠው «ሥራው» ይሉሃል። መሸምደድ አያዋጣም። ለልምምድም ሬድ ሃት ከ2021 ጀምሮ ለግለሰብ እስከ 16 ኮምፒዩተር ድረስ ሲስተሙን በነፃ ይሰጣል። ዊንዶውስ ሰርቨርም ለሙከራ 180 ቀን በነፃ ይገኛል። ቀጥሎ የማይክሮሶፍት ክላውድ አስተዳዳሪ ፈተና፣ ኤዜድ 104 ይመጣል። የሚያገለግለው አንድ ዓመት ቢሆንም እድሳቱ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የቶሮንቶን የሥራ ማስታወቂያዎች ሃያ ያህል አንብቦ የሚደጋገመውን ስም ይቁጠር።

በኦክቶበር 2023 የቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፋይል ቆልፈው ገንዘብ በሚጠይቁ ዘራፊዎች ተመታ። ከአንድ የፋይል ሰርቨር የሠራተኞች መረጃ ተዘረፈ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፈለም። ዳንፎርዝና ኮክስዌል ያለውን ቅርንጫፍ ጨምሮ ወገኖቻችን የሥራ ማመልከቻ የሚጽፉባቸው ኮምፒዩተሮች ለወራት ጠፍተው ቆዩ። ይህን አንሥቼ «የጠፋ ፋይል ከባክአፕ መልሰህ ታውቃለህ?» ስል ጠየቅኩት።

«ኧረ በጭራሽ።»

ሰኞ አልፈረመም። ቅዳሜ በ80 ዶላር የገዛውን አሮጌ ኮምፒዩተር በፌስታል ተሸክሞ ቡና ቤቱ መጣ። ባለቤትዋ ከጓዳ የድሮ ስክሪን አወጡልን። መጀመሪያ ያሠራሁት አንድ ፋይል አጥፍቶ እንዲመልስ ነበር። ሁለት ጊዜ አልመለስ አለው። ሦስተኛውን ሊሞክር ሲል የጥበቃ ፈረቃው ደረሰበት።