የትከሻ ውልቃት፦ ቀዶ ሕክምናው ለማን፣ መቼ፣ በምን ውጤት?

ከሰውነታችን ትላልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ ለውልቃት የተጋለጠው ትከሻ ነው። ምክንያቱ አፈጣጠሩ ነው። ክቡ የክንድ አጥንት ራስ የተቀመጠው ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ በመሆኑ፣ በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ይመስላል። ክንዳችን በሁሉም አቅጣጫ መንቀሳቀስ የቻለው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ የመገጣጠሚያው አለመጽናት ደግሞ የዚህ ዋጋ ነው። አጥንቱን በቦታው የሚያጸኑት በጎድጓዳው ጠርዝ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት፣ ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው።

ከ100 ውልቃቶች 95 ያህሉ ወደ ፊት የሚወጡ ናቸው። በሚጥል በሽታ ወይም በኤሌክትሪክ አደጋ ሳቢያ ወደ ኋላ የሚወጣው ውልቃት ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በተነሣ ራጅ ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል።

የመጀመሪያው ሕክምና

አዲስ ውልቃት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በማስታገሻ ወይም በማደንዘዣ እየተረዱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከመመለሱ በፊትም ሆነ በኋላ የደም ዝውውሩና በላይኛው ክንድ ውጫዊ ጎን ያለው የቆዳ ስሜት መመርመር አለበት፤ በዚያ የሚያልፈው ነርቭ በውልቃቱ ሊጎዳ ይችላልና። ስብራት መኖር አለመኖሩም በራጅ ይረጋገጣል።

ቀዶ ሕክምና ለማን?

አጥንቱ ተመለሰ ማለት የተቀደደው ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አርተር ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለተደጋጋሚ ውልቃት ዋናው ምክንያት የጠርዙ ቀለበት ከአጥንቱ መላቀቁ መሆኑን አስረድቷል። ይህ አደጋ የሚበረታው በወጣቶች፣ በተለይም ግጭት ባለበት ስፖርት በሚሳተፉት ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰዎች ውልቃቱ እምብዛም ባይደጋገምባቸውም፣ ክንድን የሚያነሡና የሚያሽከረክሩ ጡንቻዎች ጅማት ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ክንዳቸውን ማንሣት ካቃታቸው በጥንቃቄ ሊመረመሩ ይገባል።

ይሁን እንጂ ወጣት ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። በስዊድን ለ25 ዓመታት ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ12 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ሳሉ ተጎድተው ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት ትከሻዎች ግማሽ ያህሉ ወይ ውልቃቱ አልተደገመባቸውም ወይም በጊዜ ብዛት ጸንተዋል። ስለዚህ ውሳኔው በዕድሜ፣ በሥራ፣ በስፖርት ዓይነት፣ በውልቃቱ ድግግሞሽና በአጥንቱ ጉዳት መጠን ላይ ይመሠረታል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነቶች

አጥንቱ ብዙ ካልተጎዳ የተላቀቀው ቀለበትና ከረጢት ተመልሶ ከጠርዙ ጋር ይሰፋል። ይህ በመክፈት ወይም በጠባብ ቀዳዳ በሚገባ የመመልከቻ መሣሪያ ይከናወናል። በተደጋጋሚ ውልቃት የጎድጓዳው ጠርዝ ተሸርፎ ከሆነ ግን ስፌት ብቻውን አያስተማምንም። እንዲህ ላለው ጉዳት የሚሠራው፣ ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ በትከሻው ፊት ያለው መንቁር መሰል አጥንት ጫፍ ከነጅማቱ ተቆርጦ በተሸረፈው ጠርዝ ላይ በብሎን ይታሰራል።

በአገራችን ሌላው ችግር የዘገየ ውልቃት ነው። ሕመምተኛው ወጌሻ ዘንድ ሲታሽ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ወደ ሆስፒታል ይመጣል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየን ውልቃት በጉልበት ለመመለስ መሞከር አጥንት ሊሰብር፣ የደም ሥርና ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከፍቶ መመለስ የግድ ይሆናል፤ ውጤቱም በጊዜው ከታከመው ያነሰ ነው።

ማገገምና ውጤት

ከስፌት በኋላ ክንዱ እንደየሁኔታው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል። ጣት፣ አንጓና ክርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ አለባቸው። ቀጥሎ የትከሻው እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ይሰፋል፤ ጡንቻን ማጠንከር ከሦስተኛው ወር ገደማ፣ ግጭት ወዳለበት ስፖርት መመለስ ደግሞ ከስድስት ወር አካባቢ ይታሰባል። ሕመም ጠፋ ብሎ ፊዚዮቴራፒን ማቋረጥ ወይም ቀድሞ ወደ ከባድ ሥራ መመለስ የቀዶ ሕክምናውን ድካም ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

አብዛኛዎቹ ሕሙማን የጸና ትከሻ ያገኛሉ። ሆኖም ክንድን ወደ ውጭ የማዞር አቅም በመጠኑ መቀነስ፣ የመገጣጠሚያ መድረቅ፣ ኢንፌክሽን፣ የነርቭ ጉዳትና የውልቃቱ መደገም ሊያጋጥሙ እንደሚችሉ ለሕመምተኛው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን የወለቀ ትከሻ በዚያው ዕለት ተመርምሮ ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ ብዙ ሰው ከከባዱ ቀዶ ሕክምና ይድናል።