ለአስታማሚዋ ማን ይከፍላል?

በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ፣ በአቀስታ ዙሪያ ባሉ የደጋ ቀበሌዎች ሰው በጠና ሲታመም የመረዳጃ ማኅበሩ ቅሬ ይጠራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተባብሮ ታማሚውን በቃሬዛ ይሸከማል፤ ዳገት ቁልቁለቱን እየተቀባበለ መኪና መንገድ ያደርሰዋል። ሰው ሲሞትም ቀብሩን የሚያስፈጽመው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ይኸው ቅሬ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ታማሚው ከሆስፒታል ተመልሶ አልጋ ላይ የሚውልባቸው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አሉ። እነዚያ ወራት የሚወድቁት በአንዲት ሴት ላይ ነው፤ በሚስት፣ በልጅ ወይም በምራት።

ሥራዋን ቀረብ ብለን እንየው። ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት አዛውንት በየጥቂት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። ማገላበጥ ጉልበት ይጠይቃል፤ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ወገቧን ይይዛታል። አጥሚቱን ቀና አድርጋ በማንኪያ፣ ቀስ ብላ ካልሰጠችው ትን ይለዋል። ገላውን ለማጠብ ውኃ በጄሪካን መቅዳት፣ በኩበት ማሞቅ አለባት። ክረምት ሲሆን የታጠበው አንሶላና ባና ጉም ውስጥ ቶሎ አይደርቅም። ሌሊት ሲጠራት ትነሳለች፤ ሲነጋ ከብቱ፣ ወፍጮው፣ ገበያው ይጠብቃታል። ይህ ሥራ ሆስፒታል ውስጥ ሲሠራ ደመወዝ አለው። ቤት ውስጥ ሲሠራ ግን ሥራ ተብሎም አይቆጠርም።

ይህቺ አገር ገጠር ድረስ ወርዶ ለሚሠራ ሰው መክፈል እንደሚቻል አንድ ጊዜ አሳይታለች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በመንግሥት ደመወዝ፣ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ብዙ እናቶችንና ሕፃናትን ከሞት አትርፈዋል። ነገር ግን ሁለት ሴቶች እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ ክትባቱን፣ የቤተሰብ ምጣኔውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ጉዳይ ተሸክመው የአልጋ ቁራኛውን በየቀኑ ሊያገላብጡ አይችሉም።

ከእነርሱ ሥር አንድ ለአምስት የተደራጁት የሴቶች ልማት ቡድኖች መሪዎች ደግሞ ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ተደረገ። በአማራ ክልል ገጠር የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው የሚመጥን ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። ድሃዋን ሴት በነፃ አሠርቶ «ተሳትፎ» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ተቀጥራ የምታስታምመውም ብትሆን ሕግ አልደረሰላትም። በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ሁሉ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይዳኛል ብለው ተዉት፤ ሦስቱ አዋጆች ሲፈራረቁ ደንቡ አልወጣም። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም የለም። የወሎ ልጅ ጅዳና ቤይሩት ሄዳ የሰው አገር ሽማግሌ ለማስታመም የምትነሳው በዚህ ምክንያትም ጭምር ነው። እዚያ የሚደርስባትን እናውቃለን፤ ግን ቢያንስ ለሥራዋ ዋጋ ተቆርጦለታል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም አልደረሰላትም። መድኅኑ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። መድኅኑ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሰጠውን ሕክምና ይሸፍናል፤ ቤት ውስጥ ያለችውን አስታማሚ አያውቃትም።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ግን ግድ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ጉልበት ያለውን ሰው በወር አምስት ቀን በእርከንና በመንገድ ሥራ አሠርቶ ይከፍላል፤ መሥራት ለማይችለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። አካሄዱ አንድ ትልቅ ነገርም አስተምሮናል፦ ሌሎቹ እርከን ሲሠሩ ሕፃናቱን የምትጠብቀው ሴት ቀኗ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠርላታል። ልጅ መጠበቅ ከተቆጠረ የአልጋ ቁራኛ ማስታመም የማይቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሚያስታምም መዝግባ ለቀበሌው ማቅረብ ትችላለች። ጎረቤት በተራ ገብታ የምታግዝ ከሆነም የእርሷ ቀን ይቆጠር።

የክልሉ ጤና ቢሮና የሴፍቲኔት አስተባባሪዎች ይህን በለጋምቦ ወረዳ በጥቂት ቀበሌዎች ይሞክሩት። መነሻው የሥራ ቀን ቅጽ ላይ «አስታማሚ» የሚል አንድ ረድፍ መጨመር ነው።