የአንድ ምሽት እንግዶች በሪያድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ

በረመዳን ወር የሪያድ ቤቶች ከኢፍጣር በኋላ የታወቀ ልማድ አላቸው። ቴምሩና ሾርባው ቀርቦ፣ የመግሪብ ሶላት ተሰግዶ፣ ቤተሰቡ ቡናውንና ሻዩን ይዞ ሳሎን ሲሰበሰብ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ያ ሰዓት የኮሜዲ ሰዓት ነው። በማእድ ቤት ሰሐን የምታጥበው ሠራተኛ፣ የሻይ ትሪ ይዞ የሚገባው ረዳት፣ በር ላይ ጌታውን የሚጠብቀው ሾፌር ከሳሎኑ የሚፈልቀውን ሳቅ ይሰማሉ። በዚህች ከተማ የሚኖሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች የሳዑዲን ኮሜዲ የሚያውቁት በዚህ መንገድ፣ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ነው። ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ግን ቃላቱን ከማወቅ በተጨማሪ ድራማው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ድራማዎች ሁሉ ስሙ የገነነው «ታሽ ማ ታሽ» ነው። ርእሱ የተወሰደው ከልጆች ጨዋታ ነው። ልጆቹ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይንጡና ሲከፈት ይፈላል ወይስ አይፈላም ብለው ይወራረዳሉ። «ታሽ» ፈልቶ ፈሰሰ፣ «ማ ታሽ» አልፈላም ማለት ነው። ለኮሜዲ ይህን የመሰለ ስም ማውጣት ራሱ ብልሃት ነው፤ ቀልዱ ይፈላ አይፈላ የሚታወቀው ክዳኑ ሲከፈት ብቻ ነውና።

ድራማው በሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥታዊ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 በረመዳን ወር ነው። መሪ ተዋናዮቹ ናስር አል-ቀሰቢ እና ዓብደላህ አል-ሰድሓን ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያዘጋጀው ዓሚር አል-ሐሙድ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈው ዓብዱልኻሊቅ አል-ጋኒም ለረጅም ጊዜ መርቶታል። በኋላም ከመንግሥት ጣቢያ ወደ ኤም ቢ ሲ ተዛውሮ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 በድምሩ 18 ምዕራፎች ተላልፈዋል። በኢትዮጵያ የዓውደ ዓመት ዋዜማ የቴሌቪዥን ዝግጅት ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ ጥንድ ሆነው ብቅ ሲሉ ቤተሰብ ሁሉ ሥራውን ትቶ እንደሚሰበሰበው፣ የሪያድ ሰውም አል-ቀሰቢንና አል-ሰድሓንን በዓመት አንድ ወር ይጠብቅ ነበር። ልዩነቱ እነዚህ በየምሽቱ መምጣታቸው ነው።

በየምሽቱ መምጣት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በተለምዶ «ሲትኮም» የሚባለው ተከታታይ ኮሜዲ ቋሚ ሰዎችና ቋሚ ስፍራ ይኖሩታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 በቢ ቢ ሲ ስኮትላንድ የተጀመረው «ስቲል ጌም» ነው። ታሪኩ በግላስጎው ውስጥ እንዳለ ተደርጎ በተፈጠረ ክሬግላንግ በሚባል የድሆች ሰፈር የሚኖሩ የሁለት ጡረተኞች፣ የጃክና የቪክተር ታሪክ ነው። ፎርድ ኪርናን እና ግሬግ ሄምፕሂል እነዚህን ሽማግሌዎች መጫወት ሲጀምሩ ራሳቸው ገና ጎልማሶች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የሚኖሩበት ፎቅ፣ የሚጠጡበት መሸታ ቤትና የሚገዙበት ሱቅ በ62ቱም ክፍሎች እነዚያው ናቸው። ስለዚህ አንድ ተጋባዥ ተዋናይ ሲመጣ የረጋውን ውኃ ያናውጣል። በ«ሃሪ ፖተር» ፊልሞች ዓለም ያወቀው ሮቢ ኮልትሬን በአንድ ክፍል የአውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ሲቀርብ፣ የዓለም ዝነኛ በሰፈሩ መሪ ይዞ መታየቱ ብቻውን የቀልዱ ግማሽ ነበር። በዚያው በግላስጎው ከዚህ ቀደም ሲል ይሠራ በነበረው «ራብ ሲ ኔስቢት» ላይ ደግሞ ዴቪድ ቴናንት ገና ስሙ ሳይታወቅ በተጋባዥነት ተጫውቷል። እንግዳው አንዳንዴ ዝናውን ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴም ዝናውን ከዚያ ይጀምራል።

«ታሽ ማ ታሽ» ይህን አሠራር ገልብጦታል። በእርሱ ዘንድ ቋሚ ሰፈርም ሆነ ቋሚ ታሪክ የለም። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ነው። ሁለቱ መሪዎች ዛሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ ነገ የገጠር ሽማግሌዎች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ነጋዴዎች ይሆናሉ። ከሁለቱ ፊት በቀር ሁሉም ሰው የአንድ ምሽት እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ዩሱፍ አል-ጀራሕ፣ ሐቢብ አል-ሐቢብ፣ በሺር አል-ጉነይምና ሌሎችም ተዋናዮች በዚህ መድረክ ላይ ደጋግመው ታይተዋል፤ በመጡ ቁጥር ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው። ተዋናዩ ራሱን ለማስተዋወቅ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ የጥምጥሙ አጣጣልና የአነጋገሩ ቅላጼ ከንግግሩ በፊት ይናገሩለታል። የቀሲም ሰው፣ የሒጃዝ ሰው፣ የደቡብ ሰው መሆኑን ሳዑዲያዊው ተመልካች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለየዋል። እኛ የጎጃሙን፣ የወሎውንና የሸዋውን አነጋገር በአንዲት ቃል እንደምንለየው መሆኑ ነው።

የሴቶች ሚና በተለየ መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቴሌቪዥን የሚጫወቱ ሳዑዲያውያን ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ ብዙ ሚናዎች ከጎረቤት ዓረብ አገሮች ለሚመጡ ተዋናዮች ይሰጡ ነበር። በኋላ ዘመን ድራማው ካስተዋወቃቸው ሳዑዲያውያን አንዷ ሪም ዓብደላህ ናት። ይህችው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ2012 ሃይፋ አል-መንሱር በሪያድ በቀረጸችው «ወጅዳ» በተሰኘው ፊልም ላይ ብስክሌት የምትመኘውን ልጅ እናት ሆና ተጫወተች። ዳይሬክተሯ የአደባባይ ትዕይንቶችን ከመኪና ውስጥ ሆና በሬዲዮ ትእዛዝ እየሰጠች ነበር የምትመራው። በሪያድ ሲኒማ ቤት ዳግም ለሕዝብ የተከፈተው ኤፕሪል 18 ቀን 2018 መሆኑን ስናስታውስ፣ ከዚያ በፊት ለነበረው የተዋናይ ትውልድ የረመዳን ኮሜዲ ትምህርት ቤትም መድረክም እንደነበረ እንረዳለን።

የድራማው ድፍረት የሚታየው በርእሶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የቀረበ አንድ ክፍል በዚያ ዘመን የዓረብ ወጣቶችን ያስደመመውን የድምፃውያን ውድድር ወስዶ በዘፈን ፋንታ ሽብር የሚማሩበት «አካዳሚ» አደረገው። ተዋናዮቹ በዚህ የተነሣ ዛቻ ደርሶባቸዋል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚልቀው እ.ኤ.አ. በ2010 የታየው «አጎቴ ቡትሮስ» ነው። እናታቸው ሊባኖሳዊት የሆኑ ሁለት ሳዑዲያውያን ወንድማማቾች ወደ እናታቸው አገር ተጉዘው የእናታቸውን ወንድም ሲያገኙ፣ ሰውየው የክርስቲያን ቄስ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድንጋጤ፣ ኀፍረትና መሽኮርመም ሁሉ የሁለቱ መሪ ተዋናዮች ድርሻ ነው፤ ሳቁም በእነርሱ ላይ ነው። የአጎትየው ሚና ግን የሚሣቅበት ሚና አይደለም። ጥሩ ሰው ነው፤ ደግ አስተናጋጅ ነው፤ እንደ አጎት ይወዳቸዋል። ተጋባዡ ተዋናይ አንዲት ጊዜ እንኳ ለቀልድ ብሎ ቄሱን ቢያሳንሰው ኖሮ ክፍሉ ባዶ ስድብ ሆኖ በቀረ ነበር። ዋና ተዋናዮቹ ራሳቸውን የሳቅ መሣሪያ አድርገው እንግዳቸውን አከበሩ፤ ይህ እንደ ሰምና ወርቅ ቅኔ ነው፣ ላይ ላዩ ቀልድ፣ ውስጡ የዝምድና ጉዳይ። ክፍሉ በዓረብ ጋዜጦች ብዙ አከራክሯል። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ መገኘቱ ብርቅ ካልሆነበት ከወሎ ለመጣ ሰው ግን ከክርክሩ ይልቅ የወንድማማቾቹ መደናገጥ ይበልጥ ሊያስቀው ይችላል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኮሜዲ ውስጥ ሾፌሩ፣ የቤት ሠራተኛዋና ባለ ሱቁ አዘውትረው ይታያሉ። ብዙውን ጊዜ ሚናቸው ትንሽ ነው፤ ሳቁም የሚመጣው ከተሰበረ ዓረብኛቸው ነው። ያን ዓረብኛ የሚሰማው የእውነት ሠራተኛ ራሱ ሳይስቅ አይቀርም፤ እንደዚያ ተናግሮ ያውቃልና። ሆኖም በሳቅና በሳቅ መካከል ልዩነት አለ። በ«ስቲል ጌም» ውስጥ ናቪድ የሚባል የስደተኛ ቤተሰብ ባለ ሱቅ አለ። የሚጫወተው የሕንድ ተወላጆች ልጅ የሆነው ሳንጂቭ ኮሊ ነው። ናቪድ የስኮትላንድን አነጋገር ከሰፈሩ ሰው እኩል ይናገራል፤ ምላሱ ስል ነው፤ ሱቁ ገብቶ ሊቀልድበት የሞከረ ደንበኛ ተቀልዶበት ይወጣል። ስደተኛው የቀልዱ ባለቤት እንጂ የቀልዱ ዕቃ አይደለም። በሪያድ በበጥሓ ገበያ ቆሞ የሚደራደር አበሻ ነጋዴን የሰማ ሰው እንዲህ ያለ ሚና የሚጻፍበት ጥሬ ዕቃ ሞልቶ እንደተረፈ ያውቃል፤ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚጎድለው።

እነዚህን ድራማዎች ለመከታተል ለሚፈልግ አንድ ተግባራዊ ነገር መጥቀስ ይጠቅማል። በመድረሳ ወይም በመጽሐፍ የተማርነው ፉስሓ ዓረብኛ እዚህ ብዙም አያራምድም፤ የሚነገረው የነጅድ አነጋገር ነው። «ምን» ለማለት «ማዛ» ሳይሆን «ወሽ» ይባላል። «አሁን» ማለት «አልሒን» ነው፤ «እፈልጋለሁ» ደግሞ «አብጋ» ወይም በአጭሩ «አቢ»። የቤት ሠራተኞች እነዚህን ቃላት በሥራ ላይ በየቀኑ ስለሚሰሟቸው ከተማሪው ይልቅ ኮሜዲው ቶሎ ይገባቸዋል። የሚያስቸግረው ፍጥነቱና የየክፍለ ሀገሩ ቅላጼ ነው፤ እርሱም አንዱን ክፍል ሁለቴ በማየት ይቀላል።

አል-ቀሰቢ ከ«ታሽ» መቋረጥ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው «ሴልፊ» ልጁን ከአክራሪዎች እጅ ለማስመለስ የሄደ አባት ሆኖ ተጫውቷል፤ ያም ዛቻ አስከትሎበታል። በወጣቶቹ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የፈይሰል አል-ዒሳ «ሸባብ አል-ቦምብ» የሰፈር ጎረምሶችን ውሎ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ሲኒማ ተሻግሯል። ኤም ቢ ሲ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዱባይ ወደ ሪያድ ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በቀጣዩ ዓመት በረመዳን፣ ከ12 ዓመት ዕረፍት በኋላ፣ አል-ቀሰቢና አል-ሰድሓን በ19ኛው ምዕራፍ አብረው ተመለሱ። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ አዳዲስ እንግዶችም ይዘው ነበር። ያ ምዕራፍ በጣቢያው «ሻሂድ» መተግበሪያም ቀርቧል፤ በእረፍት ቀን፣ ሳሎኑ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ እያቆሙ ለመስማት ያመቻል።